«ግማሽ ቀን ስጡን»፦ ለሰፈራችን ትምህርት ቤት እንዴት እንደደረስንለት

«የመንግሥት ትምህርት ቤት? ምነው፣ ልጅሽን ጠላሽው እንዴ?»

እንዲህ ያለችኝ ጎረቤቴ ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። ልጄን በሚቀጥለው ዓመት ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለው የሰፈራችን ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ላስገባው እያሰብኩ እንደሆነ ስነግራት ነው ከአፏ ያመለጣት። እኔ እዚያ ነው የተማርኩት። እሷም እዚያው ነው የተማረችው። አንድ ክፍል ነበርን።

ጊዜው 2015 ነው። ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ አገሩ ሁሉ ደንግጧል። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። አንዱ መምህሩን ይወቅሳል፣ አንዱ መንግሥትን፣ አንዱ ልጆቹን። እኔም ስወቅስ ከረምኩ። አንድ ቀን ግን አንድ ነገር ውስጤ ገባ። 8ኛ ክፍልን ጨርሼ ከወጣሁ ወዲህ ያንን በር ስንቴ ረግጬዋለሁ? አንድም ቀን። በየቀኑ ግን በአጠገቡ አልፋለሁ።

በማግስቱ ሄድኩ። ጥበቃው መታወቂያዬን ተቀብለው አስገቡኝ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ የተሰባበረ ዴስክ ተራራ ሆኖ ተከምሯል። እግሩ የወለቀ፣ ጣውላው የተገነጠለ፣ ብረቱ የዛገ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ለሁለት በተሠራ ዴስክ ላይ አራት ልጆች ተጣበው ይጽፋሉ። ዳር ያለችው ልጅ አንድ እግሯ መተላለፊያው ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፏል። ርዕሰ መምህርቷ ያሉኝን አልረሳውም፦ «ሰው ሲመጣ ደስ ይለናል። ግን ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል።»

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ጥፋቱም የኔ ነው። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ ጋር ሆነን በልጆቹ እጅ ደብዳቤ ላክን፤ አዳራሹ ሞላ። ከዚያ ለእድሳት የሚሆን ገንዘብ ቃል ማስገባት ጀመርን። እኔ ማይክ ይዤ ስም እየጠራሁ አነባለሁ። እገሌ 2 ሺህ፣ እገሊት 500። ሰው ሲያጨበጭብ ሥራው የተሳካ መሰለኝ። በሁለተኛው ስብሰባ 11 ሰው መጣ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለተማሪዎች ምገባ የሚያበስሉ እናት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በከተማው በጀት የሚካሄደው ምገባ ልጆቹን ብቻ አይደለም የጠቀመው። ግቢው ውስጥ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ የሚያውቁ እናቶችን አስገብቷል። ማን እንደቀረ፣ ማን ምግቡን ለታናሹ እንደሚቋጥር ያውቃሉ። «ሰዎቹ ጠልተው አይደለም የቀሩት፤ አፍረው ነው። ያቺ ጉሊት የምትቸረችረው እናት 20 ብር ብላ በማይክ ልትጠራ ኖሯል?» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የማንንም መዋጮ በአደባባይ አንብቤ አላውቅም። እኚህን እናት ቀድሜ ባማክር ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰ።

ሁለተኛውን ሙከራ ከእድር ጀመርኩ። ሰዉን አንድ ላይ የሚያገኘው እድር ነው፤ ሰው ደግሞ ለእድር ይታመናል። ዳኛውን አስፈቅጄ በወሩ ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ወሰድኩ። «ብር አልጠይቅም» አልኩ። «በያጅ ሁለት፣ አናጺ አንድ፣ ቀለም የሚቀባ ሦስት እፈልጋለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። ግማሽ ቀን ስጡን።»

ዘጠኝ ሰው መጣ። እድሩ ድንኳንና አግዳሚ አበደረን። እናቶቹ ሻይ አፈሉ። የመጀመሪያው የብየዳ ማሽን ሲነሳ የትምህርት ቤቱ መብራት ድርግም አለ። መስመሩ አልቻለውም። ሰዉ ሊበተን ሲል ከአጥሩ ማዶ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ድምፁን ሰምቶ ብቅ አለ። ነገሩን ስንነግረው ወደ ውስጥ ገባ፤ ከራሱ መስመር ገመድ ስቦ በአጥሩ ላይ አሻገረልን። ሰውየው ልጅ የለውም። ማንም አልጠራውም ነበር። ዛሬ ከሁላችንም የበለጠ ትጉህ እሱ ነው።

በዚያ ቀን 38 ዴስክ ጠገንን። ሰኞ ጠዋት ሄጄ በመስኮት አየሁ። ያቺ እግሯ መተላለፊያው ላይ የነበረው ልጅ ሁለት እግሯን ከዴስኩ ስር አስገብታ ተቀምጣለች። ክርኗን ዘርግታ ትጽፋለች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት አልተቻለኝም።

ስለ ገንዘብና ንብረት ትንሽ ልበል፤ ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነም ነው። ከኛ በፊት ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የሰጡ ሰዎች ነበሩ አሉ። ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሰነድ የለማ! ስለዚህ ገና ከጅምሩ ሁለት ነገር ላይ ተስማማን። የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ፣ አንድ ሳጥን ጠመኔም ቢሆን፣ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ወደ ንብረት ክፍል ይገባል፤ ቅጂው እኛም ጋ ይቀመጣል። ጥሬ ብር ደግሞ በማናችንም እጅ አያልፍም። ሰጪው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ያመጣል፣ ወይም ለትምህርት ቤቱ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል። አንዳንዱ «ይሄ ሁሉ ወረቀት ለምን?» ብሎ ተሰላቸ። ይሰላች። በበጎ ፈቃድ ሥራ ሰውን ከሰው የሚያቆራርጠው ስርቆት ብቻ አይደለም፤ ጥርጣሬም ነው።

አንድ ሌላ ትልቅ ስህተት ሠርቻለሁ። በክረምት ወደ ሰፈር የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስቤ ለልጆቹ የማጠናከሪያ ትምህርት አስጀመርኩ። መምህራኑን ግን አላማከርኩም። መስከረም ላይ አንድ የሒሳብ መምህር አስቁመውኝ «እኛ አላስተማርንም ማለት ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ደመወዝ፣ በዚያ የኑሮ ውድነት፣ 60 ልጅ የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዘው የሚቆሙ ሰው ናቸው። እውነታቸውን ነው። መምህራን ማረፊያ ገብቼ ሁሉም ባሉበት ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ የትኛው ልጅ እንደሚታገዝና የትኛው ገጽ እንደሚነበብ የሚወስነው መምህሩ ነው። በጎ ፈቃደኛው የሚያነበውን ልጅ ይሰማል፣ ሲሳሳት ያርማል። መታወቂያውን ሳያስመዘግብ የሚገባ የለም። ከልጅ ጋር ለብቻው በር ዘግቶ የሚቀመጥም የለም። ይሄኛው ድርድር የለውም።

የንባቡ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሦስተኛ ክፍል ደርሰው ፊደል የሚያምታቱ ልጆች ነበሩ። የሚመሩልን ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገና ተማሪ እያሉ ገጠር ወርደው ገበሬ ያስተማሩ ናቸው። ዘመቻው በዓመቱ የዩኔስኮ ሽልማት ማግኘቱን ዛሬም ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል። «ዛፍ ስር አስተምሬ የለ እንዴ! እዚህማ ጣሪያ አለ» ይላሉ።

የወላጆችን መንገድ ያገኙልንም እሳቸው ናቸው። ሰፈራችን የሸማኔ ሰፈር ነው። ሸማኔ ቅዳሜን ከለቀቀ የሳምንቱ ገቢ ይጎድልበታል። እሳቸው ግን አንድ ነገር አዩ፦ ኦርቶዶክስ የሆኑት ሸማኔዎች በወሩ 12፣ በሚካኤል፣ በ21፣ በማርያም፣ እጃቸውን ከሥራ ይሰበስባሉ። ትምህርት ቤት ደግሞ ክፍት ነው። «በእነዚህ ቀናት ኑና ልጃችሁ ስታነብ ስሟት» ብለን ጠራን።

አንድ አባት መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ቀረ። «እኔ ማንበብ አልችልም» አለ ቀስ ብሎ። መምህርቷ «እሷ ትችላለች፤ አንተ ስማ» ብለው ልጁ አጠገብ አስቀመጡት። ልጅቷ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች ስለ አንዲት ፍየል አነበበች። እሱ የጣቷን ጫፍ ብቻ ነበር የሚያየው። አንዱ ቃል ላይ ስትቆም እሱም ትንፋሹን ዋጠ። ገጹን ስትጨርስ «እስቲ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ሲወጣ «በ21ም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም።

ትምህርት ቤቱን ስለማስተዋወቅ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ባነር ሰቅለን ነበር፤ ያመጣው ሰው የለም። ቴሌግራም ግሩፑም ስም ያበዛል እንጂ እግር አያመጣም፤ ዋዜማው ላይ ስልክ መደወል ይሻላል። የሠራልን በሩን መክፈት ነው። ነሐሴ ላይ፣ ምዝገባ ሳያልቅ፣ አንድ ቅዳሜ ለሰፈሩ ሁሉ ከፈትን። አስጎብኚዎቹ ተማሪዎቹ ነበሩ። የተጠገነውንም ያልተጠገነውንም እንዲያሳዩ ነገርናቸው፤ ውሃ የሌለውን መጸዳጃ ቤት ጭምር። አንዳንዱ የኮሚቴ አባል «ገበናችንን ለምን እናወጣለን?» ብሎ ተከራክሮ ነበር። እኔ ግን ወላጅ አይታለልም ባይ ነኝ። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ይነግረዋል።

ጎረቤቴም መጣች። የተማርንበት ክፍል ውስጥ ገብታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ብዙ ቆየች። ልጇን አላዛወረችም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ግን ቤተ መጻሕፍቱን የምትከፍተው እሷ ናት፤ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ልጄ አንደኛ ክፍልን እዚያው ጀመረ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

አሁን የያዘን የውሃው ጉዳይ ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከፍ ያሉ ክፍል ሴት ልጆች በወር አበባቸው ቀን የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሮቶ አግኝተናል፤ በሞዴል 19 ገብቶ መቆሚያው ላይ ተቀምጧል። ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር ግን አልተገናኘም። ባለፈው እሁድ እድር ላይ ተነስቼ «ቧንቧ ሠራተኛ አንድ፣ ለግማሽ ቀን» አልኩ። ሦስት ሰው እጁን አወጣ። አንደኛው ያ ሸማኔ አባት ነው። «ቧንቧ አልችልም» አለ፤ «ግን ቱቦ እይዝላቸዋለሁ።»