ከጎማ ሥር የጠፋው ውሃ

በመጋቢት ወር አንድ ምሽት በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ከዴንቨር ወደ ግራንድ ጀንክሽን ጭነት ይዤ በአይ 70 አውራ ጎዳና ሽቅብ ስወጣ፣ ከፊቴ ከሚሄደው መኪና ጎማ ሥር ሲረጭ የቆየው ውሃ በድንገት ቀጥ አለ፤ አስፋልቱ ግን አሁንም እንደ ረጠበ ያብረቀርቅ ነበር። ይህን ያየ ሹፌር ሌላ ምልክት መጠበቅ የለበትም፤ ውሃው በረዶ ሆኗል ማለት ነው። የሞተሩን ፍሬን አጥፍቼ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብዬ አንሥቼ፣ ከአይዘንሃወር ዋሻ በፊት ባለ፣ በበረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማ ላይ ሰንሰለት የሚታሰርበት ቦታ ቆምሁ። ዋሻው ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከማዶው ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለትም 7 በመቶ ስለሆነ፣ 80,000 ፓውንድ የሚመዝን መኪና እዚያ ላይ መንሸራተት ከጀመረ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ያጥፈዋል።

ብዙም ሳልቆይ ዲስፓቸሩ፣ ከቢሮ ሆኖ ጉዟችንን የሚመራው ሰው፣ ደወለ። የአገሬ ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ በአክብሮት ያናግረኛል።

«ጋሼ፣ ምነው ቆሙ? ካርታው ላይ መንገዱ አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴ የሆነው መኪና ስላልተጨናነቀ ነው፤ አስፋልቱ መስታወት ሆኗል።»

«ሰንሰለት እሰሩ የሚል ትእዛዝ እኮ ገና አልወጣም። ሦስቱ ሹፌር ልጆቻችን አልፈዋል። ፈርተው ከሆነ ይንገሩኝ።»

ጋሼ ብሎ ከጀመረ አንደበት ይህ ቃል መውጣቱ ከብርዱ ይልቅ ዘለቀኝ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። ሃያ ዓመት ያሽከረከረ ሰው የሚፈራውን ያውቃል፤ ያንንም ለመደበቅ ምክንያት የለውም። «አዎ፣ ፈርቻለሁ» አልሁት። የፌዴራሉ ደንብ ሁኔታው በጣም አደገኛ ሲሆን ማሽከርከር እንዲቋረጥ እንደሚያዝ፣ መንገዱን የሚያየውም በመሪው ላይ የተቀመጠው ሰው እንደሆነ ነግሬው ስልኩን ዘጋሁ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ በረዶ ጠራጊው መኪና አለፈ፤ የሰንሰለቱ ትእዛዝም ሰሌዳው ላይ በራ። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ አስሬ፣ በዝግታ ወርጄ ጠዋት ደረስሁ። የማራገፊያው ቀጠሮ አልፎ ነበርና የቅጣቱ ገንዘብ ከደመወዜ ተቆረጠ።

ሦስቱ ልጆች በሰላም ደርሰዋል፤ ዲስፓቸሩ ይህን ዛሬም ያነሣብኛል። ከሳምንት በኋላ ነዳጅ ስንቀዳ ያገኘሁት አንደኛው ግን፣ ያን ምሽት ቁልቁለቱ ላይ የገዛ ተሳቢው በጎን መስታወቱ ውስጥ ወደ እርሱ ሲመጣ እንዳየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ለቢሮው ነግሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። አልነገረም።