"ተቃጥላለች" የተባለችው ግራይንደሬ ካርቦን ብቻ ቀይሬላት እየሰራች ነው

በርና መስኮት የምሰራባት ትንሿ ግራይንደር መጀመሪያ ጉልበቷ ቀነሰ፣ ከዛ እየቆረጥኩባት ቀጥ ትላለች፣ መታ ሳደርጋት ትነሳለች፣ በማናፈሻ ቀዳዳዋ ሲያዩ ደግሞ እሳቱ ጉድ ነው። የሞተር ሽቦ (ኮይል) ጠምጣሚ ጋ ብወስዳት ሳይከፍታት "ተቃጥላለች ወንድሜ፣ ትጠምጠም" አለኝ። እኔ ግን የተቃጠለ ኮይል ሽታው አይደበቅም፣ ይቺ ምንም አትሸትም፣ መታ ሲሏት የምትነሳ ከሆነማ ችግሩ ኮንታክት ነው ብዬ ይዣት ተመለስኩ።

ስፒናዋን ነቅዬ (ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም!) ግራና ቀኝ ያሉትን ክዳኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። ካርቦኖቹ (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ትንንሽ የካርቦን ቁራጮች) አልቀዋል፣ አንደኛው 4 ሚሊ ቢሆን ነው፣ ሞላውም እስከመጨረሻው ተዘርግቶ የሚገፋበት አቅም የለውም። እኔ 5 ሚሊ አካባቢ ሲደርስ ይቀየር ነው የምለው።

መርካቶ አሮጌውን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ "ይሄ ለሁሉም ይሆናል" ይልሃል፣ አትስማው፣ ዋናው ውፍረቱና ስፋቱ ነው፣ ርዝመቱማ ስላለቀ አይነግርህም። የላላው ቤቱ ውስጥ እየተወዛወዘ እሳት ይረጫል፣ የጠበቀው ተሰንቅሮ ይቀራል። ያገኘሁት ትንሽ ጠበቅ ስላለ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግቼ ጎን ጎኑን ብቻ ፈተግ ፈተግ አድርጌ ሸርተት ብሎ እንዲገባ አደረግኩት። ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ ካርቦን አውጥተው ሞርደው የሚያስገቡም አሉ፣ እኔ አልደፍረውም፣ ለዚህ ስራ የተሰራ አይደለም፣ ኮሙቴተሩን (ካርቦኑ የሚነካውን፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን የመዳብ ክፍል) ከበላው ያኔ እውነትም መጠምጠም ሊመጣ ነው።

ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የቀየርኩት። ጥቁሩ ዱቄት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በኮምፕሬሰር አስነፋሁት፣ ኮሙቴተሩ ቡናማና ልስልስ ያለ ስለነበር አልነካሁትም።

ከገጠምኩ በኋላ ወዲያው ብረት ላይ አልጫንኳትም፣ ዲስኩን አውልቄ 10 ደቂቃ ያህል ባዶዋን አስኬድኳት፣ ምክንያቱም የአዲስ ካርቦን ፊት የኮሙቴተሩን ክብነት እስኪይዝ የሚነካው በትንሹ ነው። መጀመሪያ እሳቱ በዛ፣ እየቆየ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ብቻ ቀረ። እሳቱ ኮሙቴተሩን ቀለበት ሰርቶ የሚዞር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሮተሩ (የሚዞረው የሞተር ክፍል) ሾርት አድርጓል ማለት ነው፣ ያኔ ካርቦን አያድናትም።

አንዳንድ ማሽን ደግሞ ካርቦኑ ውስጥ ፒን አለው፣ ሲያልቅ ፒኑ ካርቦኑን ከኮሙቴተሩ ያነሳዋል፣ እሳትም ምንም ሳያሳይ ድንገት ዝም ይላል፣ እና እንዲህ ያለውንም ቶሎ "ሞቷል" ብለህ እንዳትጥለው።