ባለ በረካው

ሰው ሲጠይቀኝ "ሲጋራ ያቆምኩት ሆስፒታል ተኝቼ ነው" እላለሁ። ወሬ ለማሳጠር ነው እንጂ እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ዘጠኝ ቀን በሳንባ ምች ተኛሁ። በዚያ ጊዜ ሲጋራ ተውኩ ማለት እስር ቤት ገብቶ መጠጥ ተውኩ እንደማለት ነው።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በቀን አንድ ፓኮ ገደማ አጨስ ነበር። ባለፈው ክረምት ሳል ያዘኝ፤ ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት። አንድ ቀን ከሱቄ በር እስከ ባጃጁ መራመድ አቃተኝ። ሆስፒታል ስደርስ ጣቴ ላይ የሰኩት የኦክስጅን መለኪያ 84 አለ። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ የሲስተሯ ፊት ግን ገባኝ።

ሁለት ቀን ትኩሳቱ ስለ ሲጋራ እንዳስብ እንኳን አልፈቀደልኝም። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ትኩሳቱ ሲበርድ ሱሱ ነቃ። የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫዬ ነቅዬ፣ እማ ወንበር ላይ እንዳሸለበች ወጣሁ። ከአንድ አስታማሚ አንድ ፍሬ ለምኜ ከግንቡ ጥግ ለኮስኩ። ግማሹንም አልጨረስኩት፤ ሳሉ አጎበጠኝ። ስመለስ ሲስተሯ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። አልተቆጣችም።

"ወጥተህ ለማጨስ አቅም ካለህ ኦክስጅኑን ለሌላ ሰው ልስጠው?"

ሕጉማ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ጤና ተቋም ግቢ ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። እኔን ያሸማቀቀኝ ግን የሷ ጥያቄ ነው።

ጎኔ የተኙት የደንቢያ ገበሬ ሁሉንም ሰምተዋል። "በአፄ ዮሐንስ ዘመን ቢሆን ከንፈርህ ይቆረጥ ነበር" አሉኝ። ይህንኑ እያሉኝ ከትራሳቸው ሥር ሱረት አወጡ።

"አባባ፣ ሱረት የሚስበውስ አፍንጫው ነበር አሉ የሚቆረጠው" አልኳቸው።

"ይሄ መድኃኒት ነው!" አሉና ሳቡ።

ከዚያ በኋላ እስክወጣ አላጨስኩም። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ቤት ገብቼ እማ ቡና ስታፈላ ነው ጉዱ የፈላው። ለኔ ሲጋራ ማለት ከአቦል በኋላ በረንዳ ላይ ነው። ስኒውን ሳስቀምጥ እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ይሄዳል። ኪሴ ባዶ ነው። እማ ይህን ስታይ ቆሎውን ወደኔ ገፋ ታደርጋለች፤ እሱን ስዘግን ጥቂት ደቂቃ ያልፍና ፍላጎቱ ረገብ ይላል።

ሁለተኛው ጉድ የባሰ ነበር። ሦስቱንም ስኒ እንደ ድሮው ጠጥቼ ሱቅ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቦርድ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ዕቃ ለመበየድ ሦስት ጊዜ ሳትኩ። ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የለም። ሱሱ ነው፣ አንድ ባጨስ ይለቀኛል ብዬ እስከ ማሰብ ደረስኩ። ለቀጠሮዬ ስሄድ ለሐኪሙ ነገርኩት።

"ቡና ስንት ትጠጣለህ?" አለኝ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ቡናን ቶሎ ቶሎ እንዲያጣራ ያደርገዋል። ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ነው። ስታቆም ጉበቱ ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ያው የለመድካት ስኒ ደምህ ውስጥ ረጅም ሰዓት ትቆያለች። "ቡናውን በግማሽ ቀንሰው" አለኝ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ሌሊት በተኛሁ!

ለእማ መናገሩ ግን ከሲጋራው ከበደኝ። "አቦሉንና ቶናውን ትቼ በረካውን ብቻ ልጠጣ" ስላት ጀበናዋን አስቀምጣ አየችኝ። "ቡናዬ ምን አደረገህ?" ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ጎረቤቶቻችን አሁን "ባለ በረካው መጣ" ይሉኛል። እጄ ግን በሳምንቱ ረጋ።

አንዴ ተሳስቻለሁ። የጥምቀት ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ ስንወርድ ጓደኛዬ ያጨሰውን ተቀብዬ ሁለቴ ሳብኩ። ጣዕሙ አመድ አመድ አለኝ። መለስኩለት።

ባለፈው ሳምንት የደንቢያው አባባ ደወሉ።

"ከንፈርህ አለች?"

"አለች አባባ። የእርስዎ አፍንጫስ?"

መልስ ከመስጠታቸው በፊት አነጠሱ።