የማይገጥሙ የላሚኔት ጣውላዎች፦ የእናቴን ሳሎን ሳነጥፍ የተማርኩት

ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር መጨረሻ፣ ጎንደር ማራኪ በሚገኘው የእናቴ ቤት የሳሎኑን ሊሾ በላሚኔት፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ባለው የወለል ጣውላ፣ ለማልበስ ተነሣሁ። ክፍሉ 4.60 ሜትር በ4.20 ሜትር ነው። የገዛሁት ጣውላ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 121.5 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 19.5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ ያለ ኮላ እርስ በርሱ የሚቆላለፍ ዓይነት ሲሆን፣ ለቁርጥራጭና ለብልሽት ከ10 በመቶ በላይ ጨምሬ 12 ካርቶን ወሰድሁ። በእያንዳንዱ ካርቶን 8 ጣውላ ስላለ በድምሩ 96 ጣውላ መሆኑ ነው። ከእነዚህ መካከል 17ቱ እንከን ያለባቸው ሆነው ተገኙ። የምጽፈው እነዚያን ጣውላዎች እንዴት እንደለየኋቸውና ምን እንዳደረግኋቸው ነው።

የዚህ ዓይነት ጣውላ በአራቱም ጠርዙ መቆለፊያ አለው። በአንዱ በኩል የሚገባው ወንዴ፣ በሌላው በኩል የሚቀበለው ሴቴ ነው፤ ወንዴውን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያህል አጋድለው ሴቴው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ወደ ታች ሲያስተኙት ይቆለፋል። መቆለፊያው የተፈለፈለው ከላይ ካለው ጠንካራ ሽፋን ላይ ሳይሆን ከመካከለኛው አካል፣ ማለትም ተፈጭቶ በኃይል ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ላይ ነው። ስለዚህ የጣውላው ፊት የወንበር እግርንና ጭረትን የሚችል ቢሆንም፣ የሴቴው ከንፈር ግን በጣም ስስ ነው፤ ማዕዘኑ አንድ ጊዜ ከተመታ ይፈረፈራል፤ እርጥበት ከነካውም ያብጥና ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ተጉዞ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የመጣ ካርቶን ማዕዘኑ ቢጎዳ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያሳዝነው ጉዳቱን ከውጭ ማየት አለመቻሉ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጣውላዎቹን ሳልመረምር ሥራ ጀመርሁ። ሁለት ረድፍ በሰላም ሄደ። በሦስተኛው ረድፍ ላይ የጣውላዎቹ ጫፍ ለጫፍ መገናኛ አልዘጋ አለኝ፤ የጥፍር ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። በማገጃ እንጨት ላይ በመዶሻ መታሁት፤ ክፍተቱ ጠበበ፤ ጨምሬ ስመታው ግን ቀጭን የስንጥቅ ድምፅ ሰማሁ። አንሥቼ ሳየው የጎረቤቱ፣ ምንም እንከን ያልነበረበት ጣውላ ከንፈር ተሰብሯል። በዚያ ላይ ያ ክፍተት ረድፉን በጥቂቱ ስላጣመመው፣ ቀጥሎ የገጠምኋቸው ሦስት ጣውላዎችም አልዘጋ አሉ፤ እኔም ሁሉንም ጥፋተኛ አድርጌ ወደ ጎን አስቀመጥኋቸው።

ማታ የሰፈራችን አሮጌ አናጺ እናቴን ሊጠይቁ መጥተው ወለሉን አዩት። «ጋሼ፣ እነዚህ ጣውላዎች ብልሹ ናቸው፤ አምስቱ እንቢ ብለውኛል» አልኋቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ወለሉ ላይ ሆነህ ጣውላውን አትፍረድበት፤ እስቲ ጠረጴዛ ላይ ለብቻቸው ግጠማቸውና እንያቸው» አሉኝ። በምግብ ጠረጴዛው ላይ አምስቱን ከአንድ ጤነኛ ጣውላ ጋር ተራ በተራ ገጠምናቸው። ሦስቱ ምንም ሳያስቸግሩ ዘጉ። ያልዘጉት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ይህን መለያ አልተውሁም። ጠረጴዛ ላይ የማይዘጋ ከሆነ ጥፋቱ የጣውላው ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ዘግቶ ወለሉ ላይ የሚከፈት ከሆነ ግን ጥፋቱ የወለሉ፣ የቀደመው ረድፍ፣ ወይም በሴቴው ውስጥ የገባ የመጋዝ ዱቄት ነው። እርግጠኛ ለመሆን ተጠርጣሪውን ከሁለት ልዩ ልዩ ጣውላዎች ጋር መግጠም ያስፈልጋል፤ ከአንዱም ጋር የማይገጥመው እሱ ነው።

በማግስቱ ሦስቱን ረድፍ ፈትቼ ሊሾውን በቀጥ ያለ ጣውላና በውኃ ልክ ፈተሽሁት። በመስኮቱ አቅጣጫ በአንድ ሜትር ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጉብታ ተገኘ፤ ለዚህ ዓይነት ንጣፍ ተቀባይነት ያለው በሜትር 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጉብታውን ፍቄ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ሞልቼ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ የእርጥበት መከላከያ ላስቲክ 20 ሳንቲ ሜትር አደራርቤ አነጠፍሁ፤ በላዩም 2 ሚሊ ሜትር ፎም ዘረጋሁ። ሻጩ ለእግር እንዲመች 5 ሚሊ ሜትሩን እንድወስድ መክሮኝ ነበር፤ ነገር ግን ወፍራምና ለስላሳ ፎም ሰው በረገጠው ቁጥር መቆለፊያውን ስለሚያጥፈው፣ ጤነኛውን ከንፈር እንኳ በጊዜ ይሰብረዋል።

ሲሚንቶው እስኪደርቅ ባለው ጊዜ ሁሉንም ካርቶን በመስኮት ብርሃን ከፍቼ 96ቱንም ጣውላ አንድ በአንድ መረመርሁ። የአውሮፓው የላሚኔት ወለል ደረጃ ኢኤን 13329 በሁለት ጣውላዎች መካከል የሚፈቅደው ክፍተት በአማካይ 0.15፣ ቢበዛ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያለውን መጠን በሜትር መለካት አይቻልም፤ ነገር ግን ተራ የማተሚያ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለት እጥፍ ወረቀት በመገናኛው ውስጥ እንደልቡ የሚገባ ከሆነ ጣውላውን ለየሁት። የከፍታ ልዩነቱን ደግሞ ጥፍሬን መገናኛው ላይ በማሳለፍ አየሁ።

የተለዩት 17 ጣውላዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ። 11ዱ ማዕዘናቸው ወይም የአንድ ጫፋቸው ከንፈር የተሰበረ ነው። 4ቱ መቆለፊያቸው ከፋብሪካው በትክክል ያልተፈለፈለ ሲሆን፣ ከማንም ጋር ቢገጠሙ አይዘጉም። የቀሩት 2ቱ እንደ ቀስት የታጠፉ ነበሩ፤ ለነዚህ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ካርቶኑን ሳይከፈት ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ 48 ሰዓት አስተኝቶ ማቆየት ሲገባ፣ እኔ ከግድግዳ ጋር አስደግፌ አቁሜው ነበር።

ብዙ ያስተማሩኝ 11ዱ ናቸው። መጀመሪያ ልጥላቸው ነበር፤ ነገር ግን በየረድፉ የመጀመሪያው ጣውላ ግራ ጫፉ፣ የመጨረሻው ጣውላ ደግሞ ቀኝ ጫፉ ግድግዳው ዘንድ ስለሚቆረጥ፣ የተሰበረው ክፍል ተቆርጦ ይወድቃል። ልብ መባል ያለበት ጣውላውን ማዞር አለመቻሉ ነው፤ ካዞሩት ወንዴው ከወንዴ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ግራ ጫፋቸው የተሰበረውን 5 ለረድፍ መጀመሪያ፣ ቀኝ ጫፋቸው የተሰበረውን 6 ለረድፍ መጨረሻ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ለየሁ፤ አንዱም አልባከነም። በጎረቤት ረድፎች መገናኛዎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት መጠበቅ ስላለበት ግን የረድፎቹን አቆራረጥ ቀድሜ በወረቀት ላይ መሥራት ነበረብኝ። (መብራት በጠፋ ጊዜ የቆረጥሁት በእጅ መጋዝ ነው፤ በእጅ መጋዝ ሲቆረጥ የጣውላው ፊት ወደ ላይ፣ በኤሌክትሪክ ጂግሶ ሲሆን ደግሞ ፊቱ ወደ ታች ካልሆነ ጠርዙ ይፈነቀላል።)

አራቱን ወደ ገዛሁበት ሱቅ መለስኋቸው። ባለሱቁ በመጀመሪያ «የአገጣጠም ችግር ነው» አለኝ። አልተከራከርሁም፤ በራሱ ጠረጴዛ ላይ፣ ለናሙና ካስቀመጠው ጣውላ ጋር እንዲገጥማቸው ጠየቅሁት፤ ሞክሮ አቃተው፤ ለወጠልኝም። ጣውላዎቹ ገና ያልተነጠፉ በመሆናቸውና ደረሰኙንና የምርት ቁጥሩ የታተመበትን የካርቶን ወረቀት በመያዜ ነው ነገሩ የቀለለው፤ ከተነጠፈ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታን የሚቀበል የለም ማለት ይቻላል። ምትኩ ተመሳሳይ የምርት ቁጥር እንዲኖረውም አጥብቄ ጠየቅሁ፤ ካልሆነ የቀለሙ ልዩነት በብርሃን ይታያል።

በመዶሻ የሰበርሁት 18ኛው ጣውላ ቀርቶ ነበር። የተረፈውን ከንፈር በመሮ አስተካክዬ፣ እርጥበት የሚችል የእንጨት ኮላ በመገናኛው ውስጥ ብቻ ቀብቼ፣ እስኪደርቅ አንድ ቀን በክብደት ተጭኖ እንዲቆይ አደረግሁ። ቦታው ከብፌው ሥር ነው። ኮላው ወደ ታች ወርዶ ጣውላውን ከፎሙ ወይም ከሊሾው ጋር እንዳያጣብቀው ተጠንቅቄአለሁ፤ ወለሉ በሙሉ እንደ አንድ ገላ መንቀሳቀስ አለበትና።

ይህን መንቀሳቀስ በጎንደር በዓይኔ አይቼዋለሁ። የካቲት ደረቅ ስለሆነ ጣውላው የተነጠፈው እንደተኮማተረ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ግን እርጥበት ይስባል። በግድግዳው ዙሪያ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቼ፣ ዞኮሎውን (የግድግዳውን ግርጌና ክፍተቱን የሚሸፍነውን ቀጭን ጣውላ) ከግድግዳው ጋር ብቻ አያይዤ ነበር። በነሐሴ አንዱን ዞኮሎ አንሥቼ ስለካ ክፍተቱ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ በኅዳር ተመልሷል። በሁለቱም ጊዜ መገናኛዎቹን በሁለት እጥፍ ወረቀት ፈተሽሁ፤ አልገባም። ከብፌው ሥር ያለውም እንደተጣበቀ ነው። የተረፉት 5 ጣውላዎች ከካርቶኑ ወረቀት ጋር በእናቴ አልጋ ሥር ተኝተው ተቀምጠዋል።