ቀረፋው እንደ ባሕር ዛፍ የሆነባት አገር

ከቦሌ ከተነሳን አራት ሰዓት ገደማ ሲሆነን ከውሃው መሃል ደን የለበሰ ተራራ ብቅ አለ። ማሄ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው የሲሼልስ ዋና ደሴት። ማኮብኮቢያው ባሕሩ ጠርዝ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ውሃ ላይ የሚያርፍ ይመስላል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በስመአብ ብለው አማተቡ። እኔም ተከተልኳቸው።

ሲሼልስ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። አስቀድሞ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ነው፣ በቃ። በየኤምባሲው ደጅ ለተንከራተተ ሰው ይህ ብቻውን መዝናናት ነው።

115 ደሴቶች አሏት፤ የብሱ ሁሉ ቢደመር ግን አዲስ አበባን አያክልም። ሕዝቧም ከመቶ ሺህ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዋና ከተማዋን ቪክቶሪያን በግማሽ ሰዓት በእግሬ ጨረስኳት። መሃሏ ላይ ከ1903 ጀምሮ የቆመች ትንሽዬ የሰዓት ማማ አለች (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ገበያው ዓሣ፣ ቫኒላ፣ ቃሪያ፣ በየመደቡ ደግሞ ቀረፋ ነው። ቀረፋውን ፈረንሳዮች በ1770ዎቹ አምጥተው ተከሉት። ዛሬ እንደኛ ባሕር ዛፍ ተራራውን ወሮታል።

ያረፍኩበትን ቤት ባለቤት «አገርዎ የት ነው?» አልኳቸው። ልማድ ነው፤ እኛ ሰው ስንተዋወቅ ይህን ሳንጠይቅ አናልፍም። ሳቁ። በአባታቸው ወገን ሕንዳዊ ነጋዴ አለ፣ በእናታቸው ፈረንሳዊ። «ሌሎቹ ከአፍሪካ ናቸው፤ ከየት እንደሆነ ግን የጻፈልን የለም» አሉኝ። እስከ 1770 ድረስ እዚህ ቋሚ ነዋሪ አልነበረም። ፈረንሳዮች ባሪያዎች ይዘው መጡ። በ1814 ደሴቶቹ በውል ለእንግሊዝ ሆኑ፤ ነፃነት የመጣው በ1976 ነው። ሕዝቡ የሚያወራው ክሪዮል ግን ዛሬም ከፈረንሳይኛ የወጣ ነው። «ኪ ማንየር?» ይሉሃል፣ እንዴት ነህ ለማለት።

በማግስቱ ወደ ሳን ሱሲ ወጣሁ። እዚያ ጫካ ውስጥ ሽበት ያበቀለ የድንጋይ ፍርስራሽ አለ። ደሴቶቹ ላይ ባርነት በ1835 ከቀረ በኋላም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከባሪያ ነጋዴ ጀልባዎች ያስጣላቸውን ሰዎች ወደዚህ ያመጣ ነበር። ለልጆቻቸው ሚሲዮኖች በ1876 ትምህርት ቤት ከፈቱ። ፍርስራሹ እሱ ነው። የሴትዮዋ «የጻፈልን የለም» እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ። ቁልቁል የሚታየው ባሕር ደግሞ ያምራል፤ ይህ ይበልጥ ያናድዳል።

ፕራላን ደሴት በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቁርሴን ግን ለዓሣዎቹ መለስኩላቸው። ቫሌ ደ ሜ የሚባለው ሸለቆ ውስጥ ኮኮ ደ ሜር ይበቅላል፤ ፍሬው የሴት ዳሌ የሚመስለው ዘንባባ። አንዱ ፍሬ ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በዓለም እንዲህ ያለ ትልቅ ዘር የለም። እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርዶን በ1881 እዚህ መጥቶ «ኤደን ይህ ነው፣ ዛፉም የዕውቀት ዛፍ ነው» ብሎ ደመደመ። ያው ጎርዶን ነው፣ በ1879 የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ከዓፄ ዮሐንስ ጋር ሳይግባባ የተመለሰው። ዘፍጥረት ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ይከባል እያለ፣ ኤደንን እዚህ ድረስ መፈለጉ ገረመኝ። ቢጠይቀን እናሳየው ነበር።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ኑሮው እሳት ነው። ሩዙም ሽንኩርቱም በመርከብ ይመጣል። አገሪቱ የምትኖረው በቱሪስትና በቱና ዓሣ ነው፤ ወደቡ ላይ ትልቅ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ አለ። በ2008 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ሩፒዋን ለገበያ ስትለቅ፣ ዋጋው በግማሽ ገደማ ወረደ። የታክሲው ሹፌር ይህን በምሬት ሲተርክልኝ፣ የብራችንን ነገር ነገርኩት። ወዲያው ወዳጅ ሆንን። የታክሲውን ሂሳብ ግን አልቀነሰልኝም።

ኮኮ ደ ሜር ይዞ ለመውጣት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ለኔ ቢጤ አይደለም። ለእናቴ ቀረፋ ገዛሁ። ቤት ስደርስ አሸተተችው።

«ይሄማ መርካቶም አለ» አለችኝ። «ስንት አሉህ?»