ከመስታወቱ በስተኋላ
ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ፀጉሬን ስስተካከል፣ ባለሙያው ከኋላዬ በያዘልኝ መስታወት አናቴ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ገላጣ ቦታ አየሁና ከሰዓት በኋላ ወደ ቆዳ ሐኪም አመራሁ። ምራቄን ውጭ አገር ልኬ የዘረመል ምርመራ ላሠራ ማሰቤን ስነግራቸው፣ «በእናትዎ በኩል ያሉት አጎቶችዎ በራ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከራሰ በራነት ጋር የሚያያዘው የወንዴ ሆርሞን ተቀባይ ዘረመል የሚገኘው ወንድ ልጅ ከእናቱ በሚወርሰው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነውና። ሦስቱም በራ ናቸው።

ፀጉር እንዲያድግ የሚቀባው ሚኖክሲዲል የተባለ መድኃኒት የሚሠራው በፀጉር ሥር ያለ ሰልፎትራንስፈሬዝ የተባለ ኢንዛይም ከለወጠው በኋላ ስለሆነ፣ ኢንዛይሙ የሚያንሰው ሰው መድኃኒቱን ቢቀባም ብዙም ላይጠቀም ይችላል፤ ምርመራው ዝንባሌን ይጠቁማል እንጂ ውጤቱን አይወስንም። እኔም ርካሹን መንገድ መረጥሁ፦ 5 በመቶውን ፈሳሽ በቀን 2 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ4 ወር ቀብቶ ማየት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሬ ይበልጥ ሊረግፍ እንደሚችል አስጠንቅቀውኛል።