የጋሼ 300 ግሬን

የደንበኛ መሣሪያ አደን ካምፓችን ሲደርስ መጀመሪያ እኔ እጅ ነው የሚገባው። ቁጥሩን ከፈቃዱ ጋር አመሳክራለሁ፣ ጥይቱን እቆጥራለሁ፣ በማግስቱ ዒላማ ላይ እናስተካክለዋለን። ያን 375 ኤች ኤንድ ኤች የሚሉትን ትልቅ የአደን ጠመንጃ ከሳጥኑ ሳወጣ ግን ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ሌላ ነገር አየሁ። ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው፣ ብረቱ ያብረቀርቃል፣ አያያዙ ሚዛኑን የጠበቀ። አፈሙዙ ተቆርጧል። 24 ኢንች የነበረው 20 ሆኗል። ጫፉ ላይ ደግሞ ጋዙን ወደ ጎን የሚበትን፣ ዙሪያውን የተበሳሳ ብረት ተጠምዝዞበታል።

ጋሼ መጡና አዩት። ጋሼ የካምፓችን ፕሮፌሽናል አዳኝ ናቸው። ባሌ ተራራ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የግራ ጆሯቸው የሚሰማው ሲፈልግ ብቻ ነው። ጣታቸውን በተበሳሳው ብረት ላይ አዙረው፣ «ይኼ ለእኔ ጆሮ የመጣ ነው» አሉ።

ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ነገሩ ወጣ። የጠመንጃው ባለቤት፣ ደንበኛችን ሰውዬ፣ ስልኩን አውጥቶ የተላከለትን ኢሜይል አሳየን። አዲስ አበባ ያለው የእኛው ቢሮ ነው የጻፈለት። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አጭር አፈሙዝ፣ ቀላልና ፈጣን አረር ይዘህ ና ይላል። ሰውዬውም አመነና ጠመንጃውን አስቆረጠ። ባለ 235 ግሬን ጥይትም ገዛ፤ ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው። ለማንኛውም ብሎ የያዘው ባለ 300 አንድ ካርቶን ብቻ ነው።

«ይህን የጻፈው ሰው አድኖ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ።

ሁላችንም እሳቱን ማየት ጀመርን። የአለቃ ነገር ነው፣ በደንበኛ ፊት አይወራም።

«እንዴታ!» አሉ ጋሼ። «ደንበኛ ያድናል።»

ሰውዬው ቀልዱ እስኪገባው ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ እየሳቀ አንድ ጥይት አንስቶ ለጋሼ ሰጣቸው። ትምህርቱ ተጀመረ።

ጋሼ ስለ አፈሙዙ ብዙም አላሳሰባቸውም፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር ያሉት። አንድ ኢንች ሲቆረጥ በሰከንድ 25 ጫማ ገደማ ይቀንሳል። አራት ኢንች ማለት 100 ጫማ፣ ወይም 30 ሜትር በሰከንድ ነው። 250 ሜትር ላይ ይህ የጥቂት ሴንቲሜትር ልዩነት ቢያመጣ ነው፤ የአጋዘን ደረት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይሰፋል። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ አየሩም ስስ ስለሆነ አረሩን ብዙ አያዘገየውም። «ምንም አይደለም» ይሉና ጠመንጃውን እንደገና ያነሳሉ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ያያሉ፣ ምላሳቸውን ጠጭ ያደርጋሉ፣ መልሰው ያስቀምጡታል። ያን ማታ ይህን ስንቴ እንዳደረጉ!

አረሩ ላይ ግን ቀልድ የለም። እኛ ጋ ተኩስ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ከሸለቆ ማዶ፣ ወይ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ፊት ለፊት ድንገት። ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። 235 ግሬን ማለት 15 ግራም ገደማ ነው፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በጣም ይፈጥናል። 40 ሜትር ላይ የትከሻ አጥንት ቢያገኝ እዚያው ሊበታተን ይችላል። 300ው ከ19 ግራም በላይ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ አጥንት ሰብሮም መንገዱን ይቀጥላል። ከቆሰለ አውሬ ጋር አስታ ውስጥ መግባት የሚያምረው የለም። ደግሞም ደም ከፈሰሰ ፈቃዱ ተበላ ማለት ነው፤ አውሬው ተገኘም አልተገኘ እንደተገደለ ይቆጠራል።

«300! ሌላ የለም!» አሉ ጋሼ።

በማግስቱ በ300ው አስተካከልነው። የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ የካምፑ ውሾች ሸሹ። ሰውዬው ራሱ የጆሮ መከላከያ አድርጓል፣ ትከሻውም ብዙ አልተመታም፤ በሚበተነው ጋዝ የሚደበደበው ጎኑ የቆመ ሰው ነው። ጎኑ የቆሙት ጋሼ ናቸው። ለማየት ያህል ሁለት 235ም ተተኮሰ፤ ወረቀቱ ላይ ከ300ዎቹ በላይ ሄዶ አረፈ። ጋሼ እነዚያ ካምፕ ይቅሩ አሉ። ሰውዬው እሺ ብሎ ካርቶኑን ድንኳኑ አስገባ። የደንበኛ ኪስ መፈተሽ የእኔ ሥራ አይደለም።

አደኑን ላሳጥረው። ንጋት ላይ ነው፣ ሣሩ ውርጭ ለብሷል። ዱካ መሪያችን ከሸለቆው ማዶ ቀንድ አየ። የርቀት መለኪያው 270 ሜትር አለ። ሰውዬው ቦርሳውን ድንጋይ ላይ አንጥፎ ተኛ፣ ጊዜ ወሰደ፣ ቃታውን ሳበ። ጋሼ ጆሯቸውን ይዘው የማይጻፍ ነገር ተናገሩ። አጋዘኑ ጥቂት ተራመደና ወደቀ። ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን የተመደበው ስካውት ደብተሩን አውጥቶ 375 ብሎ መዘገበ። ግሬን የሚጠይቅ የለም።

ቆዳ ሲገፈፍ አረሩ በወዲያኛው ጎን ከቆዳው ሥር ተገኘ። እንደ እንጉዳይ ተከፍቷል፣ የተበታተነ ነገር የለውም። ጋሼ አጥበው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡትና ለሁላችንም ዞረው አሳዩን። «ይኸውላችሁ! 300 ማለት ይኼ ነው!»

ማታ ጥይት ቆጠርኩ። ሥራዬ ነው። 300ው ሙሉ ነው፤ ዒላማ ላይ ከተተኮሰው ሌላ አልጎደለም። ከ235ቱ ግን ዒላማ ላይ ከተተኮሱት ሁለት ሌላ አንድ ጎድሏል።

ሰውዬው ሌሊት በጨለማ ሲለብስ ከጃኬቱ ኪስ ያገኘውን ጠመንጃው ላይ አጉርሶ ነው የወጣው ማለት ነው። አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልጠየቅኩትም። እየሳቀ ቢራውን ይጠጣ ነበር።

ስተኛ ነገሩን ሳሰላስለው ደግሞ ትርጉም ሰጠኝ። ቀላሉ አረር የሚበታተነው በጣም ፈጥኖ ሲመታ ነው። 270 ሜትር ፍጥነቱን በልቶለታል። የተቆረጠው አፈሙዝም ገና ከመነሻው ቀንሶለታል። ዒላማው ላይ ወደ ላይ መሄዱ ደግሞ ርቀቱ ላይ ጠቀመው። ቢሮው በአንዱ ምክር ያበላሸውን በሌላው ብልሹ ምክር ጠግኖታል። አጋዘኑ አስታው ውስጥ 40 ሜትር ላይ ቢነሳ ኖሮ ይህን የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር።

ፎቶው አዲስ አበባ እንደደረሰ ስልክ ተደወለ። የቢሮው ሰው ድምፅ እስከ ኩሽናው ይሰማል። «አላልኳችሁም? አጭር አፈሙዝ፣ ፈጣን አረር!» ጋሼ ስልኩን በግራ ጆሯቸው ይዘው ስለነበር ምንም አልመለሱም።

እውነቱን ለጋሼ ብነግራቸው ምን ይጠቅማል? ምክራቸው ልክ ነው። እኔም ብጠየቅ 300 ነው የምለው። ቢሮው ልክ ነበር ብዬ በገዛ አፌ ከምመሰክር ደግሞ ምላሴን ብነክስ ይሻለኛል። እንኳን ለጋሼ፣ ለዱካ መሪውም አልነገርኩም።

ችግሩ አረሩ ጋሼ ኪስ ውስጥ መቅረቱ ነው። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እሳት ዳር ይወጣል። «ተመልከት፣ 300 ግሬን፣ 270 ሜትር፣ አንድ ጥይት!» ይላሉ። ደንበኛውም ያምናል፤ በቀጣዩ ጊዜ 300 ይዞ ይመጣል።

በቅርቡ አንዱ አረሩን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ ለ300 ትንሽ አነሰብኝ፣ ሚዛን ካለ እንመዝነው አለ። ጋሼ በደስታ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሚዛኑ ያለው እኔ ጋ ነው።

ባትሪው አልቋል አልኩ።